ቡናና ካሜራ፦ የእንግሊዝ አነስተኛ ፊልሞች ታሪክ ከዲላ መንገድ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሐዋሳን ካለፈ በኋላ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከዲላ ጀምሮ የሚጓዘው በጓሮ ቡና መካከል ነው። እስከ ወናጎና እስከ ይርጋ ጨፌ፣ ከዚያም ወዲያ መንገደኛው በግራና በቀኙ የሚያየው እንሰትና ቡና፣ ከበላያቸውም ጥላ የሚሰጡ አገር በቀል ዛፎች ተደራርበው የቆሙበት ተዳፋት ነው። የጌዴኦ ሕዝብ ይህን የእርሻ ሥርዓት ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠብቆ አቆይቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚህ ተዳፋት የሚለቀመው ቡና ታጥቦና ደርቆ፣ በጆንያ ታስሮ ባሕር ይሻገራል። ስሙ ግን ከጆንያው ይቀድማል። በለንደን ወይም በኒውዮርክ ቡና የሚጠጣ ሰው ዲላን በካርታ ላይ ፈልጎ ሊያገኛት ባይችልም ይርጋ ጨፌ የሚለውን ቃል ያውቀዋል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ቡናው ራሱ ሳይሆን ቡናውን ተከትሎ የመጣው ካሜራ ነው። በጥር 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል «ብላክ ጎልድ»፣ በአማርኛ «ጥቁር ወርቅ» ሊባል የሚችል የ78 ደቂቃ ጥናታዊ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታየ። አዘጋጆቹ ማርክ ፍራንሲስና ኒክ ፍራንሲስ የሚባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ሲሆኑ በስተኋላቸው የቆመ ትልቅ ስቱዲዮ አልነበረም። የፊልሙ ዋና ሰው በጊዜው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ታደሰ መስቀላ ናቸው። ካሜራው እርሳቸውን ተከትሎ ከጌዴኦ ወደ ደቡብ በሚያዋስነው የቡና አገር፣ በቂሌንሶ ሞኮኒሳ፣ ገበሬዎች ተሰብስበው ወደሚመክሩበት ስፍራ ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው የሚሠሩበትን መጋዘን ያሳያል፤ ከዚያም ወደ ኒውዮርክ የሸቀጥ ገበያ፣ ወደ ትሪየስቴ የቡና ፋብሪካ፣ ወደ ሲያትል፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ተካሄደው የካንኩን የዓለም ንግድ ጉባኤ ይሻገራል። ክራፍት፣ ኔስሌ፣ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል፣ ሣራ ሊና ስታርባክስ በፊልሙ ውስጥ እንዲናገሩ ተጋብዘው አለመቀበላቸውን ፊልሙ ራሱ ይነግረናል።

እንዲህ ያለ ሥራ የተሠራበት ዘመን ለቡና አምራቹ የመከራ ዘመን ነበር። የአገሮችን የኤክስፖርት ድርሻ በኮታ ይወስን የነበረው የዓለም የቡና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰ ወዲህ ዋጋው ሲወርድ ቆይቶ በ2001 አንድ ፓውንድ ቡና በዓለም ገበያ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ተሸጧል። ቡናውን ነቅሎ ጫት የሚተክል ገበሬ በፊልሙ ውስጥ የሚታየውም ስለዚህ ነው። ይህን ታሪክ ለዓለም የተናገረው ግን የአገሩ ካሜራ ሳይሆን የእንግሊዝ ካሜራ ሆነ። ለምን? መልሱን ለማግኘት በእንግሊዝ አገር ኪሱ ባዶ የሆነ ፊልም ሠሪ በማን ገንዘብ፣ በምን ዓይነት አሠራር፣ በየትኛውስ የዕድሜ ሚዛን ተመዝኖ ከተመልካች ዘንድ እንደሚደርስ መመርመር ያስፈልጋል።

የእንግሊዝ ፊልም ችግር ከጥንትም የሆሊውድ ጎረቤት መሆኑ ነው፤ በባሕር የተራራቁትን ሁለት አገሮች ቋንቋ ጎረቤት አድርጓቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች ይታይ የነበረው ፊልም አብዛኛው አሜሪካዊ ስለነበር መንግሥት በ1927 ሕግ አወጣ። አከፋፋዩም ባለ ሲኒማ ቤቱም ከሚያቀርቡት ፊልም የተወሰነው እጅ እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ እንዲሆን ተገደዱ። የአሜሪካ ኩባንያዎች ሕጉን በዘዴ ፈጸሙት፦ ኮታቸውን የሚሞሉላቸው ፊልሞች በርካሽና በጥድፊያ ተሠሩላቸው። የተለመደው ዋጋ ለአንድ ጫማ ርዝመት ፊልም አንድ ፓውንድ ነበር። ጥበብ እንደ አቡጀዲ በርዝመቱ ተለክቶ የተሸጠበት ዘመን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቢሆንም ከዚያ ዝባዝንኬ መካከል እጁን ያፍታታ ሰው ነበር፤ በኋላ በእንግሊዝ ሲኒማ ታሪክ ትልቅ ስፍራ ያገኘው ማይክል ፓውል ሙያውን የተማረው እነዚህን የኮታ ፊልሞች እየሠራ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌላ ዘዴ መጣ። በ1949 ብሔራዊ የፊልም ገንዘብ አቅራቢ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ለፊልም ሠሪዎች ማበደር ጀመረ። በ1950 ደግሞ ከእያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት ዋጋ ላይ ጥቂት ሳንቲም እየተነሣ በአንድ ቋት እንዲጠራቀምና ለእንግሊዝ ፊልሞች እንዲከፋፈል ተደረገ። በመጀመሪያ በስምምነት የተጀመረው ይህ መዋጮ በ1957 በሕግ ጸና፤ ሐሳቡን ባመነጨው ሹም ስም የኢዲ መዋጮ ይባል ነበር። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ የሆሊውድን ፊልም ለማየት ትኬት የቆረጠ ሰው ሳያውቀው ለአገሩ ፊልም ያዋጣል። ጉድለቱ ከአከፋፈሉ ላይ ነበር። ከቋቱ የሚወጣው ገንዘብ የሚደለደለው እያንዳንዱ ፊልም ባስገኘው ገቢ መጠን በመሆኑ ብዙ ያተረፈው ብዙ ተጨመረለት፤ ትንሽ ያገኘው ትንሽ ደረሰው። የአሜሪካ ኩባንያዎችም ለንደን ውስጥ ቅርንጫፍ እየከፈቱ የቋቱ ተካፋይ ሆኑ። በ1985 የወጣው የፊልም ሕግ መዋጮውንም ኮርፖሬሽኑንም አስቀረ።

እውነተኛው የድሃ ፊልም ሠሪ መጠጊያ ሌላ ነበር። በ1933 የተመሠረተው የእንግሊዝ ፊልም ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ለሙከራ ፊልሞች አነስተኛ ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ በኋላም ይህ ሥራ በፕሮዳክሽን ቦርድ ተደራጀ። ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም ሰጪው ትርፍ የሚጠይቅ ነጋዴ አልነበረምና ከዚህ በር የገቡት ሌላ በር የማይከፈትላቸው ሰዎች ናቸው። የትሪኒዳድ ተወላጁ ሆራስ ኦቬ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በጥቁር አዘጋጅ የተሠራውን የመጀመሪያ የእንግሊዝ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም «ፕሬሸር»ን የሠራው በዚህ ገንዘብ ነው። በ1981 «በርኒንግ አን ኢሉዥን» የተባለውን ፊልም ያቀረበውም፣ ስሙ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ ያልሆነው፣ በባርባዶስ የተወለደው ምኒልክ ሻባዝ ነበር። የአድዋው ንጉሥ ስም በለንደን ካሜራ በተሸከመ ጥቁር ወጣት ላይ ማረፉ በራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በ1982 ቻናል ፎር የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ ሲጀምር የገንዘቡ ምንጭ ሰፋ። ጣቢያው ፊልም በራሱ ስቱዲዮ ከመሥራት ይልቅ ከውጭ ሠሪዎች ማሠራትንና መግዛትን መረጠ። በዚያው ዓመት ጣቢያው፣ ኢንስቲትዩቱና የሲኒማ ሠራተኞች ማኅበር ተስማምተው ዎርክሾፕ ለሚባሉ ቡድኖች እውቅና ሰጡ። በዚህ ስምምነት የታቀፈ ቡድን ለአንድ ፊልም ብቻ ሳይሆን ለዓመቱ ሥራው ደመወዝ ያገኛል፤ አባላቱም በእኩል እየተከፈሉ ሥራውን በጋራ ይሠራሉ። በሰሜን እንግሊዝ በሠራተኛው ሠፈር የኖረው አምበር፣ በለንደን ደግሞ ሴዶ፣ ሳንኮፋና ብላክ ኦዲዮ የተባሉት የጥቁሮች ቡድኖች ከዚህ ምንጭ ጠጥተዋል። ለማኅበር ሥራ ፍቅር ያላቸው አንባቢያን ይህን ስምምነት ሊያስታውሱት ይገባል። ዕድሜው ረጅም አልሆነም፤ ያፈራቸው ፊልሞች ግን አሁንም ይታያሉ። ሐኒፍ ኩሬሺ ጽፎት ስቴፈን ፍሪርስ ያዘጋጀው «ማይ ቢዩቲፉል ሎንድሬት»ም ለቴሌቪዥን ተብሎ በርካሹ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀርፆ ነበር። በ1985 በፌስቲቫል ላይ ሲታይ ተወዶ ወደ ሲኒማ ቤት ወጣ።

የቀረውን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ከ1995 ጀምሮ የብሔራዊ ሎተሪ ገንዘብ ለፊልም መመደብ ጀመረ፤ በ2000 የፊልም ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በ2011 ፈርሶ ሥራው ለፊልም ኢንስቲትዩቱ ተመለሰ። ከ2007 ወዲህ ደግሞ ዋናው ድጋፍ የግብር ቅናሽ ሆነ፤ በጀታቸው ከ15 ሚሊዮን ፓውንድ ለማይበልጥ ነጻ ፊልሞች ከወጪያቸው የሚታሰበው ቅናሽ 53 ከመቶ እንዲሆን በ2024 ተወስኗል። ለአንድ የዲላ መምህር 15 ሚሊዮን ፓውንድን «አነስተኛ» ብሎ መጥራት ቀልድ ሊመስለው ይችላል። በእርግጥም በዚህ ስም ሥር በጣም የተራራቁ ሥራዎች ተጠቃለዋል። ክሪስቶፈር ኖላን በ1998 ያወጣው «ፎሎዊንግ» ጥቂት ሺህ ፓውንድ ብቻ የፈጀ ነው፤ ተዋንያኑም ሠራተኞቹም ሌላ እንጀራ ስለነበራቸው ቀረጻው የተካሄደው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ አንድ ዓመት ወሰደ። ኤራን ክሪቪ ደግሞ በ2008 «ሺፍቲ»ን በ100,000 ፓውንድ በ18 ቀን ቀርፆ ጨርሷል።

ከድርጅትም ከመንግሥትም ያልመጣ ገንዘብ አለ። የሞንቲ ፓይተን ቡድን «ላይፍ ኦፍ ብራያን»ን ሊቀርፅ በተሰናዳበት ጊዜ ገንዘብ ሊሰጥ ቃል የገባው ኩባንያ የፊልሙን ጽሑፍ አይቶ ፈራና አፈገፈገ። ክፍተቱን የሞላው ሙዚቀኛው ጆርጅ ሐሪሰን ነው፤ ንብረቱን በመያዣ አስይዞ ወጪውን ሸፈነ። ይህን ያደረገበት ምክንያት ፊልሙን ማየት ስለፈለገ ብቻ መሆኑን ራሱ ተናግሯል።

ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ አሠራሩ በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው። ጽሑፉ በጥቂት ስፍራዎች ይወሰናል፤ ቤት ከወዳጅ ይለመናል፤ የቀን ብርሃን የመብራትን ኪራይ ይተካል፤ ተዋናዩ ደመወዙን ፊልሙ ሲያተርፍ ሊቀበል ይስማማል። ሠሪው ከቴሌቪዥን ጣቢያ ጥቂት፣ ከፋውንዴሽን ጥቂት፣ ከውጭ አገር ገዥ ቅድሚያ ክፍያ ጥቂት እየሰበሰበ እንደ ድሪቶ ይሰፋዋል። ገቢው ሲመጣ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው፦ አስቀድሞ ባለ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ያነሣል፤ ቀጥሎ አከፋፋዩ ኮሚሽኑንና የማስታወቂያ ወጪውን ይወስዳል፤ ከዚያ አበዳሪው፤ ከዚያ ገንዘብ ያፈሰሰው፤ በመጨረሻ፣ የተረፈ ነገር ካለ፣ ፊልሙን የሠራው። የቡና ገበሬ ይህን መሰላል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። እሸት ቡና ከለቃሚው እጅ ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ወደ አቅራቢው፣ ከአቅራቢው ወደ ላኪው፣ ከላኪው ወደ ቆይው ሲሸጋገር በየእርከኑ የሚቆረሰው ቁራሽ በመጨረሻ ለአምራቹ የሚያስቀርለት ምን ያህል እንደሆነ ያውቃልና። በ«ብላክ ጎልድ» ውስጥ አቶ ታደሰ አንድ ሲኒ ቡና በውጭ አገር ስንት እንደሚሸጥ ለገበሬዎቹ ሲነግሯቸው ፊታቸው ላይ የሚነበበው መገረም የፊልሙ ሁሉ እምብርት ነው። ወንድማማቾቹ በዚያ ትዕይንት ላይ አንድም የማብራሪያ ድምፅ አለመጨመራቸው ያስመሰግናቸዋል።

ተሠርቶ ያለቀ ፊልም ሲኒማ ቤት ከመግባቱ በፊት ሌላ በር ይጠብቀዋል። በእንግሊዝ የፊልም ምዘና ታሪክ የሚጀምረው ከእሳት ነው። የጥንቱ ፊልም ቶሎ የሚቀጣጠል ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው ሕግ ለሲኒማ ቤቶች ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለአካባቢ ምክር ቤቶች ሰጠ። ዓላማው የሕዝብ ደኅንነት ነበር፤ ምክር ቤቶቹ ግን ሥልጣኑን የሚታየውን ነገር ወደ መቆጣጠር አሰፉት። እያንዳንዱ ከተማ የየራሱን ፍርድ ሲሰጥ ነጋዴው ተቸገረና የፊልም ኢንዱስትሪው ራሱ በ1912 አንድ የሳንሱር ቦርድ አቋቋመ። ቦርዱ ከ1913 ጀምሮ ሥራውን ሲሠራ የነበሩት ደረጃዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ለሁሉም የተፈቀደ፣ ሁለተኛው ለአዋቂዎች ይበልጥ የሚስማማ። በ1932 ለአስፈሪ ፊልሞች የተለየ ምልክት ተጨመረ፤ በ1951 ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ጨርሶ የሚከለክለው «ኤክስ» መጣ፤ በ1970 ይህ ወሰን ወደ 18 ከፍ ብሎ የ14 ዓመት እርከን ተጨመረ። የዛሬዎቹ 15 እና 18 የመጡት በ1982 ነው፤ 12 በ1989፣ ልጁ ከአዋቂ ጋር እንዲገባ የሚፈቅደው ሌላው 12 ደግሞ በ2002። በ1984 የቪዲዮ ሕግ ሲወጣ ቦርዱ የቤት ውስጥ ቪዲዮንም እንዲመዝን ተደረገ፤ በስሙም ውስጥ «ሳንሱር» የሚለው ቃል «ምደባ» በሚለው ተተካ።

ቦርዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። የሚተዳደረው ፊልም አቅራቢዎች በሚከፍሉት የምዘና ክፍያ ሲሆን ክፍያው የሚሰላው በፊልሙ ርዝመት ነው። ለትልቅ ኩባንያ ይህ ከቁጥር የሚገባ ወጪ አይደለም፤ በሁለት ሲኒማ ቤት ብቻ ለሚታይ ድሃ ፊልም ግን ይከብዳል። የመጨረሻው ሥልጣን አሁንም የአካባቢው ምክር ቤት ነው፤ ጉዳዩ የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው። «ላይፍ ኦፍ ብራያን» በ1979 ከ14 ዓመት ጀምሮ እንዲታይ ቦርዱ ቢፈቅድም አንዳንድ ምክር ቤቶች በሃይማኖት ላይ ያፌዛል ብለው ከልክለውታል። ኬን ሎች በ2002 ያወጣው «ስዊት ሲክስቲን» ደግሞ 16 ዓመት ሊሞላው ስለቀረበ የስኮትላንድ ድሃ ልጅ የሚናገር ሆኖ ሳለ በሠፈሩ ስድብ ብዛት የተነሣ 18 ተባለ፤ ፊልሙ ስለ እነርሱ የተሠራላቸው ልጆች እንዳያዩት ተከለከሉ። ፊልሙ የተቀረፀበት አካባቢ ምክር ቤት ግን በግዛቱ ውስጥ ወደ 15 አወረደው። በሼን ሜዶውስ «ዚስ ኢዝ ኢንግላንድ»ም ላይ በ2007 የብሪስቶል ከተማ ተመሳሳይ ውሳኔ አድርጓል። ልጆቹ በየመንገዱ ሲሰሙት የሚውሉትን ቃል ሲኒማ ቤት እንዳይሰሙት መከልከል ምን ይጠቅማቸዋል? ምክር ቤቶቹ የጠየቁት ይህን ይመስላል፤ ትክክልም ናቸው።

የቦርዱ የመመዘኛ ርእሶች የታወቁ ናቸው፦ ዓመፅ፣ ወሲብ፣ ራቁትነት፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ስድብ፣ ማስፈራራት፣ መድልዎ፣ ልጆች ሊኮርጁት የሚችሉት አደገኛ ድርጊት። ረሃብ ለብቻው ርእስ ሆኖ አልተቀመጠም። «ብላክ ጎልድ» በደቡብ ኢትዮጵያ በአንድ የሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ ያለውን ወረፋ ያሳያል። አንዲት ሕፃን ተመዝና ክብደቷ እርዳታ ለማግኘት የሚያበቃትን ያህል ስላልወረደ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በመላው ፊልም ከዚህ የበለጠ የሚሰቀጥጥ ነገር የለም። ደም የለበትም፤ ስድብ የለበትም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ዕድሜን በእርከን ለይቶ ለእያንዳንዱ እርከን የሚገባውንና የማይገባውን መወሰን ለጌዴኦ የውጭ ትምህርት አይደለም። ባሌ የሚባለው የዕድሜና የማዕረግ ሥርዓት፣ ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎም ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። የኢትዮጵያ ሲኒማ ግን ለረጅም ዘመን የሚያውቀው የመንግሥትን ሳንሱር እንጂ የዕድሜ ምደባን አልነበረም። ሳንሱሩ የሚጠይቀው «ይህን ልጅ ይየው?» ብሎ ሳይሆን «ይህን ማንም ይየው?» ብሎ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። በተግባር ደግሞ እንደ ዲላ ባሉ የአውራ ጎዳና ከተሞች አግዳሚ ወንበር በተደረደረባቸው ቪዲዮ ቤቶች የልጅን ዕድሜ የሚጠይቅ በር ጠባቂ ማግኘት ያስቸግር ነበር።

በገንዘቡም በኩል ታሪኩ አጭርና መራራ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. በአቶ ኢላላ ኢብሳ ፕሮዲውሰርነት ሲሠራ አዘጋጁ ላምብሮስ ዮካሪስ የሚባል ግሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ተከተለ። በ1978 የፊልም ማዕከል፣ በ1986 የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቁመው ሙያተኞችን ካፈሩ በኋላ ኮርፖሬሽኑ በ1990ዎቹ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ኢትዮጵያዊ ፊልም ሠሪ በሕዝብ ገንዘብ ከተቋቋመ ቋት የሚቀዳበት ዕድል አጣ። ቴዎድሮስ ተሾመ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን በቪዲዮ ቀርፆ ሲኒማ ቤት ሲያስገባ የከፈተው በር ሰፊ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት በቤተሰብ ቁጠባ፣ በወዳጅ ብድር፣ በስፖንሰርና በትኬት ሽያጭ ተማምነው ሠርተዋል። ሲኒማ ቤቱ ጥቂት በሆነበት አገር እንዲህ ያለው ፊልም ወጪውን ለመመለስ የሚያስቀው፣ የፍቅሩ ታሪክ ይመረጣል። ስለ ቡና ዋጋ ጥናታዊ ፊልም ለመሥራት ቤቱን የሚያስይዝ ሰው ከየት ይመጣል?

ከዚህ ጠባብ መንገድ ሁሉ ሌላውን የመረጠው ኃይሌ ገሪማ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያተኛ ያልሆኑ ገበሬዎችን ተዋናይ አድርጎ ቀረፀው። «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ስላልተቀበሉት በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳየው፤ ሕዝቡም ለሳምንታት ተሰለፈለት። ከእንግሊዝ ገንዘብ ጋርም ተገናኝቷል፤ በ1994 ያቀረበው «ኢምፐርፌክት ጀርኒ» የተሰኘ ጥናታዊ ፊልም በቢቢሲ የታዘዘ ነው። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 በዋጋዱጉ ከመሸለሙ በፊት የኢትዮጵያው ክፍል ተቀርፆ የጀርመኑ ክፍል ገንዘብ ሲጠብቅ ቆይቷል። አንድ ታላቅ የጥበብ ሰው ዕድሜውን የሚያጠፋበት ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

«ብላክ ጎልድ»ን ማመስገን ይገባል፤ መተቸትም ይገባል። ፊልሙ የገበሬውን እጅና ፊት በአክብሮት ያሳያል፤ ገበሬዎቹ ከጥቂቷ ትርፋቸው ላይ ለትምህርት ቤት መሥሪያ ሲያዋጡ ያሳያል። ታሪካቸውን ግን አያሳይም። በዚያው የቡና አገር የጌዴኦ ጭሰኞች በ1952 ዓ.ም. በሚቺሌ ጦርና ገጀራ ይዘው ጠመንጃ ካላቸው ባላባቶችና ከፖሊስ ጋር የተጋጠሙት ስለዚያው ቡና ድርሻ ነበር። ለንደን ውስጥ ፊልሙን የሚያይ ሰው የኢትዮጵያ ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ «ድርሻዬስ?» ብሎ የጠየቀው በካንኩን ጉባኤ ሰሞን ሊመስለው ይችላል። ምስሉ እንደ ጥሬ ቡና ወጥቶ የተቆላው በውጭ ነው፤ የሚጣፍጠውም ለውጭ ምላስ በሚስማማው መጠን ነው። ወንድማማቾቹን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው። ሚቺሌን የሚያውቀው የዲላ ልጅ እስከ ዛሬ እንደ እንግሊዙ ዎርክሾፕ አባል የዓመት ደመወዝ ተከፍሎት ካሜራ እንዲይዝ ያደረገው ማን ነው ብሎ መጠየቁ ግን ይበልጥ ይከብዳል።

ፊልሙ ከፌስቲቫል ወደ ፌስቲቫል በሚዞርበት ጊዜ በሌላ ሜዳ ደግሞ ሌላ ክርክር ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ቢሆንም የይርጋ ጨፌ ስም በ2006 ተመዘገበ፤ ስታርባክስም ብዙ ካንገራገረ በኋላ በሰኔ 2007 ከመንግሥት ጋር የስምምነት ውል ፈረመ። «ብላክ ጎልድ» በእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው በዚያው በሰኔ ወር ነበር፤ የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በዲላ ከተቋቋመ አምስት ዓመት ሆኖታል።